ቃልን ገልጦ ስለ መናገር

ገበሬ ዘርቶ ሲመለስ አዝመራውን በዚያው ዓመት ያያል፤ ስንዴ ዘርቶ እንክርዳድ ቢበቅልበት እንኳ በዓይኑ አይቶ ያዝናል፤ ለሚመጣውም ዘመን ይጠነቀቃል። ሰባኪ ግን ቃሉን ዘርቶ ወደ ቤቱ ይገባል። ቃሉ የበቀለበት ማሳ በሌላ ሰው ልብ ውስጥ ነውና የዘራው ምን ሆኖ እንደ በቀለ ሳያውቅ ዕድሜውን ይፈጽማል። እኔ አንድ ጊዜ የዘራሁትን ለማየት ተገድጃለሁ። ያየሁትንም ነገር ከብዙ ዓመት ዝምታ በኋላ ዛሬ ለመጻፍ የተነሣሁት ስለ ራሴ ማውራት ደስ ብሎኝ አይደለም፤ በእኔ እጅ የተሠራው ስሕተት በሌላ አገልጋይ እጅ እንዳይደገም ብዬ ነው።

በወጣትነቴ ከአንዱ ቅኔ ቤት ወደ ሌላው እየዞርሁ፣ ቁራሽ እየለመንሁ፣ ብዙ ዘመን ተምሬአለሁ። በዚያ ትምህርት ከሁሉ ይልቅ ልቤን የማረከው፣ አንዱን ቃል ለሁለት ጌታ የሚያሳድረው የሰምና ወርቅ ጥበብ ነበረ። ሰሙ ከላይ ሆኖ ለሁሉ ይታያል፤ ወርቁ ግን ከሥር ተቀምጦ ፈልጎ የሚያገኘውን ሰው ይጠብቃል። ቅኔው ሲሰማ ወርቁን ያገኙት ሊቃውንት «ይበል! ይበል!» ይላሉ። ሰሙን ብቻ ሰምቶ የሚሄደውን ሰው ግን እኛ ተማሪዎቹ በልባችን እንንቀው ነበረ። ይህ ንቀት በኋላ ዘመን ምን እንደሚያመጣብኝ ያን ጊዜ አላሰብሁም።

ከዚያም ቅስና ተቀብዬ፣ በጠበሉ ስሙ በታወቀ በአንድ ደብር በስብከት እንዳገለግል ተመደብሁ። ወራቱ የኤች አይ ቪ በሽታ በአገራችን ብዙ ቤት የዘጋበት ወራት ነበረ። በሽታውን የሚገታው መድኃኒት አስቀድሞ ገንዘብ ላለው ሰው ብቻ የሚገኝ ነበረ፤ በ1997 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ2005) ግን ለድኻውም ያለ ዋጋ ይሰጥ ጀመር። የዚህ መድኃኒት ጠባይ እንደ ሌላው አይደለም። በሽታውን ከሰውነት ነቅሎ አያወጣውም፤ አስሮ ያስቀምጠዋል እንጂ። ስለዚህ በሽተኛው በየቀኑ፣ በሰዓቱ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሊወስደው ያስፈልጋል። ያቋረጠው እንደ ሆነ የታሰረው ተፈትቶ ይበዛል፤ አንዳንድ ጊዜም መድኃኒቱን ተላምዶ፣ ሲመለሱበት አልበገር ይላል።

በሌላው ወገን ደግሞ ሕሙማን ከጥንት ጀምሮ እንደ ለመዱት ወደ ጠበል ይጎርፉ ነበረ፤ ከአዲስ አበባ በላይ በእንጦጦ ማርያም የሚሰበሰበው ጠበልተኛ ለዚህ ምስክር ነው። በየጠበሉም «ክኒን የሚውጥ ሰው እምነቱ ጎደሎ ነው፤ ጠበሉም አይሠራለትም» የሚል ወሬ ይነገር ነበረና መድኃኒታቸውን እየተዉ የሚጠመቁ ሰዎች ነበሩ። ይህም በመሆኑ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. (በ2007 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጠበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል፣ አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል በአደባባይ አስታወቁ። መልእክቱ አጭር ነበረ፤ ነገር ግን የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ነበረ። የቀረው ነገር በየደብሩ ያለው አገልጋይ እንደ ተነገረው አድርጎ ለሕዝቡ ማድረስ ብቻ ነበረ።

በ2000 ዓ.ም. ጥቅምት 27 ቀን የሚውለው የመድኃኔ ዓለም በዓል ሲቃረብ የደብራችን አለቃ አስጠርተውኝ፣ «ሕዝቡ በክኒኑ ነገር ተደናግሯል። በበዓሉ ዐውደ ምሕረቱ ይሞላልና ነገሩን አስረዳልን» አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ፤ ሦስት ቀንም ተዘጋጀሁ። ነገር ግን በእነዚያ በሦስቱ ቀኖች «ሕዝቡ ይህን ቃል እንዴት አድርጎ ይሰማዋል?» ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ ራሴን አልጠየቅሁም። ያስጨነቀኝ የንግግሬ ማማር ነበረ። በዓሉ የመድኃኔ ዓለም፣ መልእክቱም ስለ መድኃኒት መሆኑን ባሰብሁ ጊዜ ልቤ ዘለለ፤ «እነሆ፣ ኅብረ ቃሉ ራሱ መጣልኝ» አልሁ። በቋንቋችን መድኃኒት የሚለው ቃል ሐኪም የሚሰጠውም ነው፤ ዓለምን ያዳነው ጌታም ነው። ከዚህ የበለጠ ሰምና ወርቅ ከወዴት ይገኛል?

በዓሉ ደረሰ፤ ዐውደ ምሕረቱም ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ካህናቱና መዘምራኑ ከፊት፣ የከተማው ሹማምንትና ነጋዴዎች ከእነርሱ ቀጥሎ፣ ጠበልተኛውና ድኻው ግን ከኋላ በቅጥሩ ሥር ቆመው ነበረ። እኔም ተነሥቼ፣ ሁለት መድኃኒት እንዳለ፣ አንዱ የሚሸጥ፣ ሌላው ግን ስለ እኛ በሠላሳ ብር የተሸጠ መሆኑን ተናገርሁ። የሚሸጠው በብልቃጥ ተከድኖ ይቀመጣል፤ የተሸጠውን ግን መቃብር እንኳ ከድኖ ሊያስቀምጠው አልቻለም አልሁ። እያማረልኝ በሄደ ቍጥር ድምፄን ከፍ እያደረግሁ፣ «እውነተኛው መድኃኒት አንድ ነው፤ እርሱን የያዘ ሰው ከብልቃጥ ምን ይሻል?» ብዬ አሳረግሁ። የታዘዝሁት መልእክት ትዝ ያለኝ ከዚህ በኋላ ነው። እርሱንም፣ መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን ስለ ማክበር የሚናገረውን በግዕዝ ጠቅሼ፣ ትርጓሜውን ሳልሰጥ፣ በአንድ ትንፋሽ አለፍሁት። ካህናቱ ያውቁታል፤ እነርሱ ካወቁት ለእኔ ይበቃኝ ነበረ።

ስወርድ አንድ መሪጌታ እጄን ይዘው «ይበል! ዛሬስ ወርቅ አዘነብህ» አሉኝ። አለቃውም በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከከተማው የተማሩ ሰዎችም አንዱ መጥቶ ስብከቱን ጽፌ እንድሰጠው ለመነኝ። እኔም በዚያች ሌሊት ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ከዚህ በኋላ አራት ወር ያህል አልፎ፣ ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ፣ የጤና ጣቢያው ነርስ የሆነች አንዲት ሴት ቅዳሴው እስኪፈጸም በደጅ ቆይታ አገኘችኝ። መስቀል ከተሳለመች በኋላ «አባ፣ በጥቅምት መድኃኔ ዓለም ምን ብለው እንደ ሰበኩ ሊነግሩኝ ይችላሉ?» አለችኝ። ዝናዬ እስከ ጤና ጣቢያው የደረሰ መስሎኝ በደስታ ቃል በቃል ደገምሁላት። እርሷ ግን አንገቷን ደፍታ ሰማችኝና ጥቂት ዝም ብላ፣ «አባ፣ እኔም ሕመምተኛ ሆኜ ይህን ብሰማ ኖሮ ክኒኑን እተወው ነበረ» አለችኝ። ወዲያውም፣ በመንገድ ዳር እንጀራ እየሸጠች ዘጠኝ ዓመት የሆናትን ልጇን የምታሳድግ አንዲት ሴት፣ በዚያ ቀን ስብከቴን ሰምታ መድኃኒቷን ማቆሟን፣ አሁንም ታማ መተኛቷን ነገረችኝ። «ስንለምናት ‹ካህኑ በዐውደ ምሕረት የነገሩኝን እናንተ ልታስክዱኝ ነው?› እያለች እንቢ አለችን። ወደ እርስዎ የመጣሁት እርሷኑ አስፈቅጄ ነው» አለችኝ።

በማግሥቱ ወደ ቤቷ ሄድሁ። ቤቷ በቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ክፍል ናት። እርሷ በመደብ ላይ ተኝታ፣ ልጇ ደግሞ በጣሳ ውኃ ይዛ ከእግርጌዋ ተቀምጣ ነበረ። ካህን መምጣቱን ባየች ጊዜ ለመነሣት ሞከረች፤ ኃይል ግን አልነበራትም። «አይ ልጄ፣ ተኚ» ብዬ ባረክኋት።

«አባ፣ እርስዎ ራስዎ መጡልኝ?» ብላ አለቀሰች፤ ልቅሶዋም የደስታ ነበረ። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበረ።

«ልጄ፣ ክኒንሽን ስለ ምን ተውሽው?» አልኋት።

«እርስዎ ያሉትን ሰምቼ ነዋ። ‹እውነተኛው መድኃኒት አንድ ነው› አላሉም? እኔ ሁለት ይዤ ነበረ፤ አንዱን ተውሁ» አለችኝ።

ከዚያም ልጇን በዓይኗ ጠቀሰቻት። ልጅቱም ተነሥታ፣ በግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ከእመቤታችን ሥዕል በስተኋላ አንድ ነጭ ብልቃጥ አውጥታ ሰጠችኝ። ክኒኖቹ በውስጡ ነበሩ። «ለመጣል አልደፈርሁም፤ ስለት አድርጌ ለመድኃኔ ዓለም ሰጠሁት» አለችኝ። አንባቢ ሆይ፣ ያች ሴት ከቅኔዬ ሰሙን ብቻ ይዛ ሄዳለች፤ ነገር ግን እርሷ በሰሙ የታመነችው መታመን፣ እኔ በወርቁ ከታመንሁት እጅግ የበለጠ ነበረ።

«ልጄ፣ ስሕተቱ የእኔ ነው፤ የአንቺ አይደለም። ጠበሉን ጠጪ፤ ክኒኑንም በሰዓቱ ዋጪ። ሁለቱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው፤ አንዱንም አትተዪ» አልኋት።

ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየችኝ። በመጨረሻም ያለ ቍጣ፣ ልጅ የኔታውን እንደሚጠይቅ ሆና፣ «አባ፣ ታዲያ ያን ዕለት እንዲህ ብለው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ አላገኘሁም። በቅኔ ቤት ከተማርሁት ቃል ሁሉ ለዚህ የሚሆን አንድ እንኳ አልነበረኝም።

ሴቲቱ መድኃኒቷን እንደገና ጀመረች። ሐኪሞቹም የቀድሞው አልሠራ ስላላት በሌላ ለወጡላት፤ ከብዙ ወራትም በኋላ በእግሯ ቆማ እንጀራዋን ለመሸጥ በቃች። ነገር ግን በእነዚያ ወራት የታመመው የግራ ዓይኗ ብርሃን አልተመለሰም። ስለዚያ ስብከት ምስጋናውን የተቀበልሁ እኔ ነኝ፤ ዋጋውን የከፈለች ግን እርሷ ናት።

ከዚያ ወዲህ «ስሕተቴ ከወዴት ጀመረ?» እያልሁ ራሴን ብዙ ጊዜ መርምሬአለሁ። የተናገርሁት ሐሰት አልነበረም። ሐሰት ቢሆን ኖሮ ከዚያ ሁሉ ካህን አንዱ ተነሥቶ ያርመኝ ነበረ። እውነት ሆኖ ሳለ ሰሚውን የሚያስት ቃል ግን አራሚ የለውም፤ የሚያውቁት ሁሉ በወርቁ እየተደሰቱ ይሄዳሉና። ያን ዕለት ከፊት የቆሙት ሁሉ በደኅና ተረድተውኛል፤ ነገር ግን ክኒን መዋጥ የነበረባት ሴት የቆመችው ከኋላ ነበረ። መልእክቱ ለእርሷ ተልኮ ሳለ እኔ ለእነርሱ አደረስሁት። ለአንዱ የተላከውን ደብዳቤ ለሌላው አሳምሮ ያነበበ መልእክተኛ መልእክቱን አድርሷል ይባላልን?

ይህን ነገር ሳጫውታቸው አንዳንድ ወንድሞች «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» የሚለውን ተረት ይጠቅሱልኛል። እውነት ነው፤ አባቶቻችን ነገርን በምሳሌ መናገር ይወዱ ነበረ። ነገር ግን ጠጅ በብርሌ መቅረቡ ስለ ምንድን ነው? ብርሌ ውስጡን ስለሚያሳይ አይደለምን? በጋን ውስጥ ያለ ጠጅ የጠራ ይሁን ጉሽ ከውጭ ሆኖ የሚያውቀው የለም፤ በብርሌ ሲቀዳ ግን መልኩም ጥራቱም ለሁሉ ይታያል። እንግዲህ እኔ ተረቱን እንደምረዳው፣ የሚመሰገነው የሚያሳየው ምሳሌ እንጂ የሚሸፍነው አይደለም። ጌታችንም በምሳሌ ሲያስተምር የዘርን፣ የመረብን፣ የመብራትን፣ የእርሾን ነገር ያነሣ ነበረ፤ ይህም ሁሉ የሚሰሙት ሰዎች በየቤታቸውና በየሥራቸው የሚያውቁት ነው። ደቀ መዛሙርቱም ሳይገባቸው ቀርቶ ሲጠይቁት ይተረጕምላቸው ነበረ። እኔ ግን ጠጄን በጋን አድርጌ፣ ጋኑንም ከድኜ፣ «ቅመሱ» ብዬ ሄድሁ።

ደግሞም ገልጦ መናገር የአዲስ ዘመን ፈሊጥ ነው፤ የሊቃውንትን ክብር ይቀንሳል የሚሉ አሉ። ለእነዚህ መልሱ በራሳችን ጉባኤ ቤት ውስጥ አለ። የመጻሕፍት መምህር ሲያስተምር የግዕዙን ንባብ ያሰማል፤ ወዲያውም በአማርኛ ይተረጕመዋል፤ አንዱ ትርጓሜ አልበቃ እንደ ሆነ «አንድም» ብሎ ሌላ ይጨምራል። እዚህ ላይ ልብ እንበል። የአንድምታ መምህር ሁለተኛውን ትርጓሜ ሲያመጣ «አንድም» ብሎ በይፋ ያስታውቃል፤ ሰሚውም ከአንዱ ትርጓሜ ወደ ሌላው መሻገሩን ያውቃል። ቅኔ ግን ሁለቱን በአንድ ቃል ደርቦ ይሰጣል። ስለዚህ በማኅሌት መካከል ያምራል፤ በሕሙማን ፊት ግን ያሰናክላል። እኔ «አንድም» ማለት በሚገባኝ ስፍራ ቅኔ ተቀኘሁ።

መጻሕፍትም ይህንኑ ያስተምራሉ። ዕዝራ ከምርኮ ለተመለሰው ሕዝብ ሕጉን ባነበበ ጊዜ፣ ሌዋውያኑ በሕዝቡ መካከል ሆነው የተነበበውን ያስረዱ እንደ ነበረ በነህምያ መጽሐፍ ይገኛል። የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ጃንደረባ በሠረገላው ላይ ሆኖ ኢሳይያስን ሲያነብ፣ ፊልጶስ አስቀድሞ የጠየቀው ስለ ማስተዋሉ ነው። ያም የንግሥቲቱ ግምጃ ቤት በእጁ የነበረ ታላቅ ሰው፣ የሚመራው እንደሚያስፈልገው ለመናገር አላፈረም። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ ሰሚው በማያውቀው ልሳን ከሚነገር እጅግ ብዙ ቃል ይልቅ ሌላውን የሚያስተምር ጥቂት ቃል እንደሚመርጥ አስታውቋል። ይህን ሁሉ እኔ አውቀው ነበረ፤ በጉባኤ ቤትም ተርጕሜዋለሁ። ነገር ግን ማወቅ ሌላ ነው፤ እንደ ዐወቁት መሆን ሌላ ነው።

የቀድሞ ነገሥታት እንኳ ይህን ሳይረዱት አልቀሩም። አዋጅ ሲነገር ነጋሪት ይጎሰማል፤ ሕዝቡም በገበያ ይሰበሰባል፤ ከዚያም አዋጁ በቃል ይነገራል። ጽሕፈት የማያውቀው ገበሬ የሰማውን ተሸክሞ ወደ አገሩ ይመለስና በጎረቤት ይናገረዋል። ጭነት በአህያው ጉልበት ልክ እንዲጫን፣ እንዲህ ያለውም ቃል በተሸካሚው ልክ መሆን አለበት። ቢከብደው ግማሹን በመንገድ ጥሎ ይገባልና።

የመድኃኔ ዓለም የስቅለቱ መታሰቢያ መጋቢት 27 ቀን ነው፤ በጾም ውስጥ ስለሚውል ታላቁ በዓል በጥቅምት ይከበራል። ሴቲቱን በጎበኘሁበት በዚያው ወር ይህ ቀን ደረሰ። እኔም አለቃውን ለምኜ እንደገና እንድናገር ተፈቀደልኝ። በዚህ ጊዜ ግን ዝግጅቴ ሌላ ነበረ። አስቀድሜ ወደ ነርሷ ሄጄ ሕሙማኑ ምን እንደሚያስጨንቃቸው ጠየቅሁ፤ ያላሰብሁትም ነገር ሁሉ ወጣ። ጠበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ ስለ ሆነ፣ ጥዋት ክኒን የሚውጥ ሰው ጠበሉን የሚያረክስ ይመስለው ነበረ። በጾም ሰዓት ክኒን መዋጥ ጾም መግደፍ መስሎ የሚታያቸውም ነበሩ። ሕመምተኛ ከጾም ሕግ ነጻ መሆኑን እኛ ካህናቱ ከፍትሐ ነገሥት እናውቀዋለን፤ ለእነርሱ ግን ማን ነገራቸው? እኔ ስለ ሠላሳው ብር ስራቀቅ እነርሱ ስለ ጥዋት ውኃ ይጨነቁ ነበረ።

ከዚያም ሰባት ዐረፍተ ነገር ጻፍሁ። ሐኪም የሚሰጠውን «ክኒን» አልሁት እንጂ «መድኃኒት» ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራሁትም፤ ይህን ቃል በዚያ ቀን ለጌታችን ስም ብቻ ተውሁለት። ጽፌም ስጨርስ የደብሩን ዘበኛና በድግስ ቀን ዳቦ የምትጋግር አንዲት አሮጊት ጠርቼ አነበብሁላቸው፤ «ምን ሰማችሁ? መልሳችሁ ንገሩኝ» አልኋቸው። ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም፤ በየኔታ ፊት ተማሪ የተማረውን መልሶ እንደሚያሰማ ማለት ነው። ልዩነቱ በዚህ ጊዜ የሚፈተነው መምህሩ መሆኑ ነው። ዘበኛው ደኅና አድርጎ መለሰልኝ። አሮጊቷ ግን «ጠበሉን ጠጥተን ስንጨርስ ክኒኑን እንጀምር ነው ያሉን» አለችኝ። እኔ ያልሁት በየዕለቱ ከጠበሉ በኋላ ነው፤ እርሷ የሰማችው የጠበሉ ሱባዔ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ «በዚያው ዕለት» የሚል ቃል ጨመርሁበት። እግዚአብሔር ይስጣትና ያች አሮጊት ባትኖር ኖሮ ሁለተኛ እሳሳት ነበረ።

በበዓሉ ቀን የተናገርሁት ይህ ነው፦

«ወገኖቼ፣ ጠበሉን ጠጡ፤ ክኒኑንም ዋጡ። ሁለቱንም የሰጠን እግዚአብሔር ነው። ጥዋት ጠበል የጠጣ ሰው፣ በዚያው ዕለት፣ ሐኪሙ በነገረው ሰዓት ክኒኑን ይዋጥ። ክኒን መዋጥ የታመመውን ሰው ጾም አያስገድፈውም። የጠበሉንም ኃይል አይቀንስም። ክኒኑን ያቆመ ሰው ካለ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይመለስ። ባለፈው በዓል ከእኔ ሌላ ነገር የሰማችሁ ካላችሁ፣ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ።»

ምክንያቱን የተናገርሁት ከዚህ በኋላ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሡ ለሕዝቅያስ ቍስል የበለስ ጥፍጥፍ እንዲያደርጉለት ማዘዙን፣ ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም መሆኑን፣ ሲራክም ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ ማስተማሩን ነገርኋቸው፤ በዚህ ጊዜ ግን በአማርኛ።

ስወርድ «ይበል» ያለኝ አልነበረም። መሪጌታውም «ዛሬስ ቀዘቀዘብህ» አሉኝ። ነገር ግን በቅጥሩ ሥር ቆመው የነበሩት ተጠግተው ይጠይቁኝ ጀመር፤ ይህም ለእኔ አዲስ ነገር ነበረ። ሰምና ወርቅ ስናገር የሚያመሰግነኝ እንጂ የሚጠይቀኝ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። አንዱ ስለ ሰዓቱ፣ ሌላው ስለ ልጁ፣ ሌላይቱ ስለ ቍርባን እየጠየቁኝ እስከ ተሲዓት ቆምሁ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ተማርሁ፤ ሰው የሚጠይቀው የነገሩ ጫፍ ሲገባው ነው። ምንም ያልገባው ሰው እጅ ነሥቶ ይሄዳል። በሚከተለው ሳምንት ነርሷ መጥታ፣ ክኒናቸውን አቁመው ከነበሩት የተመለሱ ሰዎች እንዳሉ ነገረችኝ፤ ቍጥራቸውን አልጠየቅኋትም።

ይህን ስጽፍ ቅኔ ይጥፋ ማለቴ አይደለም። ዛሬም በበዓላት ዋዜማ እቀኛለሁ፤ ሲሰምርልኝም ደስ ይለኛል። ለሁሉም ስፍራ አለው እላለሁ እንጂ። ነገሩም የካህናት ብቻ አይደለም። በቢሮው ተቀምጦ ለሕዝብ ማስታወቂያ የሚጽፍ ሹም፣ ለበሽተኛው የክኒኑን አወሳሰድ የሚነግር ሐኪም፣ ለወላጆች ደብዳቤ የሚልክ መምህር፣ ሁሉም መልእክተኞች ናቸው። ጽሑፋቸውን አለቃቸው አንብቦ ቢያመሰግናቸው ሥራቸው የተፈጸመ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ማስታወቂያው ለአለቃው አልተጻፈም። እንግዲህ ከመናገራችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ይህን ቃል ሰምቶ አንድ ነገር ማድረግ ያለበት ሰው ማን ነው? ወደ ቤቱ ሲገባ ምን ያደርጋል? ቃሌን ከእኔ አሳብ ውጭ ሊወስደው የሚችለውስ በምን በኩል ነው? እነዚህን ሳይመልስ የሚናገር ሰው፣ የሚናገረው ለራሱ ጆሮ ነው።

ያች ሴት ዛሬም በሕይወት አለች። ልጇ አድጋ ሥራ ይዛለች። እርሷም በአንድ ዓይኗ መንገዱን እየለየች በየሰንበቱ ትመጣለች፤ እንደ ቀድሞው ከኋላ ሳይሆን ከፊት ትቆማለች። ስብከቱ ሲያልቅ ጠብቄ «ልጄ፣ ዛሬ ምን ሰማሽ?» እላታለሁ፤ እርሷም የሰማችውን ትነግረኛለች። አብዛኛውን ጊዜ ከእኔ አሳጥራ፣ ከእኔም አሳምራ ትናገረዋለች። ባለፈው ጾመ ፍልሰታ ግን ራሷን ነቅንቃ ሳቀችና፣ «አባ፣ ዛሬስ ድምፅዎ ደስ አለኝ እንጂ ምንም አልገባኝም» አለችኝ።

ወደ ቤቴ ገብቼ ስብከቱን እንደገና ጻፍሁት።